ጣውላም ወፍም ከአንድ ማሳ፦ ጅማ ላይ ዛፍ ለሚያለማ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ በኩል ግማሽ ሄክታር የፈረንጅ ጥድ አለን። የተከለው አባቴ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር፤ እንደ ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ። ውስጡ ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨለማ። መሬቱ ላይ የደረቀ የጥድ ቅጠል ብቻ ተነጥፏል። ሣር የለም፣ ችግኝ የለም፣ የወፍ ድምፅ የለም። ዛፎቹም 14 ዓመት ቆይተው ውፍረታቸው ከጭኔ አይበልጥም ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። ያ ማሳ ጣውላ የነፈገንም ወፍ ያላስጠጋውም በአንድ ምክንያት ነው። ብርሃን አጥቶ ነው። ዛፎቹ ተጨናንቀው ሲሻሙ አንዱም አይወፍርም፣ ከሥራቸውም ምንም አይበቅልም። በጊዜው ቢሳሳ ኖሮ፣ ማለትም ከመሃሉ አንዳንዱ ዛፍ ተቆርጦ ለቀሩት ቦታ ቢለቀቅ ኖሮ፣ ሁለቱም ይገኝ ነበር። ብዙ ሰው "ወይ ገንዘብ ወይ ተፈጥሮ" ብሎ ያስባል። የተተከለ ደን ላይ ግን ሁለቱን የሚያመጣው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው።

ይህን የምጽፈው ከግማሽ ሄክታር እስከ ጥቂት ሄክታር ላለው ሰው ነው። ቁጥሮቹ ለጅማ ወይና ደጋ ይስማማሉ። ማለትም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ መሬት። ከዚያ ወጣ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ እንደ መሬታችሁ አስተካክሉት።

መጀመሪያ መሬቱን በእግር ዙሩት

ከችግኝ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ማሳውን ዞራችሁ በግርድፉ ሣሉት። ውሃ የሚወርድበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከድሮ የቆዩ ዛፎች የት እንዳሉ አስቀምጡ። ጎረቤት ምን እንደሚያርስ፣ የተፈጥሮ ደን ወይም የቡና ጥላ በየት በኩል እንደሚቀርባችሁ ጻፉ።

ወንዝ ወይም ረግረግ ካለ ከዳሩ ከ15 እስከ 20 ሜትር ያለውን ለሀገር በቀል ዛፍ ተዉት። እዚያ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ጥድም ቢሆን ውሃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም፤ ሥሩ ይታመማል። ዶቅማና ሾላ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ ይወዱታል። ስለዚህ የምትተዉት መሬት ድሮም ጥሩ ጣውላ የማይሰጣችሁ ነው።

የቆዩ ዛፎችን አትንኩ። ማሳ መሃል ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ ሲኖር "ጥላ ይሆንብኛል" ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ዘር የሚወርድበት ዛፍ ነው። ለምን እንደምሟገትለት ማሳሳት ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተፈጥሮ ደን ወይም የጫካ ቡና መንጥሮ ጥድ ለመትከል ያሰበ ካለ እባካችሁ ይተወው። በለጠ ገራን የመሰለ ደን በአጠገባችን አለ። እዚያ ያለውን ሕይወት ማንም ሰው በተከላ አይመልሰውም። ዛፍ የሚተከለው የደከመ ማሳ፣ የተራቆተ ዳገት፣ የግጦሽ ዳርቻ ላይ ነው።

ምን ይተከል?

ለጣውላ የፈረንጅ ጥድ እዚህ ሀገር የተፈተነ ነው። ለጥሩ ጣውላ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ግን ከሚሳሳው ማገርና ሞራሌ ይገኛል። ግራቪሊያም ጥሩ ነው፤ ከጎረቤት ተክል ጋር ብዙ አይጣላም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ስንት ቤት እንዳቆመ ሁላችንም እናውቃለን። በ5 እና በ7 ዓመት መሃል አጣና ይሰጣል። አልጠላውም። ግን ለብቻው ጥግ ስጡት፤ ከውሃና ከእህል ማሳ ራቅ አድርጉት።

ከሀገር በቀል መጀመሪያ የማስቀምጠው ዋንዛን ነው። በኦሮምኛ ዋዴሳ የምንለው። የጅማ በርጩማ፣ በር፣ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ይሠራበታል። ፍሬውን ወፍም ጦጣም ልጆችም ይበሉታል። አበባው ለንብ ግሩም ነው። ቀጥሎ ዝግባ፣ ቀረሮና ጥቁር እንጨት ይመጣሉ። ዝግባ አዝጋሚ ነው፤ ለልጅ ልጅ ብላችሁ ትከሉት። ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ ሀገር ተመናምኗል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር አለበት። ማሳችሁ ውስጥ አሥር ዛፍ ብታሳድጉ ትልቅ ነገር ነው። ሰሳና ብርብራ አፈር ያለማሉ። ብሳና ቶሎ አድጎ ወፍ ይጠራል።

አሁን አደራደሩ። ብዙ ሰው "ድብልቅ" ሲባል አንድ ጥድ አንድ ዋንዛ እያለ ይተክላል። አታድርጉት። ጥዱ ፈጥኖ ያድግና ዋንዛውን ይውጠዋል። ሀገር በቀሉን በቡድን ትከሉ። ስሌቱን በግማሽ ሄክታር ላሳያችሁ።

በ2.5 ሜትር ርቀት ግማሽ ሄክታር 800 ጉድጓድ ይይዛል። ከዚህ 560ውን ጥድ አድርጉ። 240ውን ሀገር በቀል አድርጋችሁ በ15 ቡድን ክፈሉት። በየቡድኑ 16 ችግኝ ይገባል፤ አራት በአራት ማለት ነው። አንዱ ቡድን 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ይይዛል። ከጥድ ጋር የሚዋሰኑት ዳርቻዎቹ ቢጎዱ እንኳ መሃል ያሉት ያመልጣሉ። ቡድኖቹን የትም አትበትኑ። የተወሰኑትን በቆየው ዛፍ ዙሪያ፣ የተወሰኑትን ወደ ውሃው በኩል፣ ሌሎቹን ደግሞ የተፈጥሮ ደን ወይም የቡና ጥላ በሚቀርብበት ወገን አድርጉ። ጉሬዛና ወፍ የሚመጡት በዚያ በኩል ነው።

ስለ ዘር ምንጭ ጠይቁ። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ "ዋንዛው ከየት ተለቀመ?" በሉ። ሁሉም ከአንድ ዛፍ ሥር ከተለቀመ ሁሉም ወንድማማች ነው። አንዱን የሚጎዳ በሽታ ሁሉንም ሊጎዳ ይችላል። ራሳችሁ የምትለቅሙ ከሆነ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ፣ እርስ በርስ ከ50 ሜትር በላይ ከሚራራቁ ጤነኛ ዛፎች ልቀሙ። የዋንዛ ፍሬ ይለጠፋል። በአሸዋና በውሃ አሽታችሁ ሥጋውን አውጡለትና ጥላ ላይ አድርቁት።

ተከላና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ይህን አብዛኛው የጅማ ገበሬ ያውቀዋል። ጉድጓዱን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቆፍሩ፤ 40 ሴንቲ ሜትር በ40፣ ጥልቀቱም 40። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን መልሱ። ዝናቡ ሲደላደል፣ ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ትከሉ። ፕላስቲኩን አውጡ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ይጠቀለላል፣ ከዓመታት በኋላም ንፋስ ይጥለዋል። በሚቀጥለው ክረምት የሞተውን ተኩ። ከብት ለሦስት ዓመት አይግባ።

አረም ላይ ግን ልቆይ። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው።

ከጥዱ ማሳ ጥግ ላይ አዲስ ተከላ በተከልንበት ዓመት ሦስት የቀን ሠራተኞች አስገባሁ። "አጽዱልኝ" አልኳቸው። በገጀራ መሬቱን እንደ ግቢ አደረጉት። ማታ ሄጄ ሳይ ደስ አለኝ። ጎንበስ ስል ግን የተቆረጠ ቅጠል አየሁ። ሰፊ፣ ሻከር ያለ፣ ወደ ልብ ቅርጽ የሚሄድ። ዋንዛ ነው። ማንም ያልተከለው፣ ወፍ ያመጣው ችግኝ። ቁጭ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ጉልበት የደረሱ አሥራ አንድ ዋንዛዎችና አራት ጥቁር እንጨቶች አገኘሁ። ሁሉም ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ችግኝ ጣቢያ ሄጄ በገንዘብ የምገዛውን በነጻ የመጣልኝን በራሴ ትእዛዝ አስጨረስኩት። ሠራተኞቹ ምንም አላጠፉም። የተነገራቸውን ነው ያደረጉት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። ከአረም ቀን በፊት ብቻዬን እገባለሁ። ቀይ ጨርቅ ቀዳድጄ እይዛለሁ። በራሱ የበቀለ ዛፍ ባየሁ ቁጥር ከጎኑ እንጨት ተክዬ ጨርቁን አስራለሁ። ለሠራተኛውም "በየችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ብቻ አርሙ፣ ቀይ ያለበትን አትንኩ፣ የቀረውን ተዉት" እላለሁ። ሥራው ያንሳል፣ ወጪውም ያንሳል። በረድፎቹ መሃል የቀረው ቁጥቋጦም አፈሩን ይይዛል፣ ነፍሳትና ወፍ ይኖሩበታል።

መግረዝ

የጥድ ቅርንጫፍ ከደረቀም በኋላ ቶሎ አይወድቅም። ግንዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ግንዱ ሲወፍር ውስጡ ይቀብረዋል። ጣውላው ሲሰነጠቅ ጉጥ ሆኖ ይወጣል። ጅማ ከተማ በር የሚሠራ አንድ አናጢ ጋ ጣውላችንን ይዤ ሄጄ ነበር። በአውራ ጣቱ አንዱን ጥቁር ጉጥ ገፋው። ተፈንቅሎ መሬት ወደቀ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ደርቆ የቀረ ቅርንጫፍ ነው ልጄ። በሕይወት እያለ ብትቆርጠው እንጨቱ ይሸፍነው ነበር። አሁን ለበር አይሆንም፤ ለኮርኒስ ማገር ውሰደው" አለኝ።

ስለዚህ በጊዜው ግረዙ። ዛፉ 4 ወይም 5 ሜትር ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመቱ ላይ፣ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ግረዙት። ከግማሽ ቁመቱ በላይ ግን አትውጡ፤ ቅጠሉ ምግብ ማብሰያው ነው። ሁለተኛው ከ6 እስከ 8 ዓመት መሃል ሲሆን እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ይወጣል። ሁለተኛውን ሁሉም ዛፍ ላይ አታባክኑት። እስከ መጨረሻው የሚቆዩትን መርጣችሁ እነሱን ብቻ ግረዙ።

በመጋዝ ቁረጡ። ገጀራ ቅርፊት ይልጣል፣ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል። ከግንዱ ጋር አስጠግታችሁ፣ ቅርንጫፉ ሥር ያለውን እብጠት ሳትነኩ ቁረጡ። ጊዜው በጋ ነው። የተገረዘውን ሁሉ አውጥታችሁ አታቃጥሉ። ወፍራሙን ለማገዶ ውሰዱ፣ ቀጭኑን በረድፍ መሃል ዘርጉት። ይበሰብሳል። መንገድ ዳርና የማሳው ወሰን ላይ ግን አትከምሩ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እሳት ይነሳል።

ማሳሳት፦ የነገሩ ሁሉ ልብ

አባቴ 14 ዓመት ሙሉ አላሳሳም። ዛፍ መቁረጥ ይከብደው ነበር። "ለምን እቆርጠዋለሁ፣ ይደግ እንጂ" ይል ነበር። ይህን ስሜት አከብረዋለሁ። ዛፍ የሚወድ ሰው ሁሉ አለበት። የመጀመሪያውን ዛፍ ጥለን ጉቶውን ሳየው ግን ዝም አልኩ። ከመሃል ስትጀምሩ ቀለበቶቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተራርቀዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ድረስ ሰፋፊ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጣብቀዋል። ዛፉ ሰባት ዓመት አድጎ ሰባት ዓመት ቆሞ ነበር። ጣውላችሁ ለምን እንደቀጠነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጉቶ እዩ፤ መቼ መሳሳት እንደነበረበት ራሱ ይነግራችኋል።

መቼ? ወደ ላይ ቀና በሉ። ሰማዩ በቅርንጫፍ ተዘግቶ የታችኞቹ ቅርንጫፎች መድረቅ ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል። በ2.5 ሜትር ርቀት የተተከለ ጥድ ላይ ይህ 7 ወይም 8 ዓመት ገደማ ይሆናል።

ስንት? ለ560ው ጥድ እኔ የምከተለው ይኸው። በመጀመሪያው ዙር ሲሶ ያህሉን አወጣለሁ፤ 370 ገደማ ይቀራል። በ12 እና በ14 ዓመት መሃል ወደ 220 አወርደዋለሁ። ከዚያ አራት ወይም አምስት ዓመት ቆይቼ ወደ 130። ለጣውላ የሚቆሙት እነዚህ 130 ናቸው።

እንዴት? መጋዝ ሳትይዙ ግቡ። ነጭ ቀለም ወይም ኖራ ያዙ። መጀመሪያ የሚቆዩትን ምረጡ እንጂ የሚቆረጡትን አትፈልጉ። በየ5 ሜትሩ ገደማ አንድ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ፣ አናቱ ጥሩ የሆነ ዛፍ ፈልጉና ቀለም ቀቡት። ከዚያ እያንዳንዱን ቀለም የተቀባ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ። ማን ነው የሚጋፋው? ያንን አውጡ። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ቀጭኑንና የተዋጠውን ብቻ ቆርጦ ወፍራሞቹን እርስ በርስ እየተጋፉ መተው ምንም ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ ብዙ አትክፈቱ። ለዓመታት ተጨናንቆ የቆየ ዛፍ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የቆመው ጎረቤቱ ደግፎት ነው። እኔ የምዕራቡን ዳርቻ ከግማሽ በላይ አሳሳሁ። በሚቀጥለው ሚያዝያ የመጣ ንፋስ ከቀሩት ዘጠኙን ጣለ። ዘግይታችሁ የምታሳሱ ከሆነ በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ዓመቱ አድርጉት። ንፋስ የሚመጣበትን ዳርቻ በመጨረሻ ንኩ።

አሁን ወደ ወፉ ልምጣ።

የደን ሳይንቲስቱ ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ የሀገራችንን የደጋ ደን ዛፎች ዘር ለዓመታት አጥንተዋል። ከሥራቸው አንድ ነገር ለእኛ በጣም ይጠቅማል። ብዙዎቹ የደን ዛፎቻችን ዘራቸው አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ አይጠብቅም። ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል። ስለዚህ አንድ መሬት ከተራቆተ በኋላ ዋንዛና ጥቁር እንጨት "ከመሬቱ" አይነሱም። አንድ እንስሳ ማምጣት አለበት። እንስሳው የሚመጣው ደግሞ የሚያርፍበትና የሚበላው ካገኘ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የተተከሉ ደኖች ሥርም አይተዋል። ብርሃን ከገባና የዘር ምንጭ በቅርብ ካለ በጥድና በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሀገር በቀል ዛፎች ይበቅላሉ። የተተከለው ዛፍ ሞግዚት ይሆናል ማለት ነው።

እኛ ማሳ ላይ ይህ በዓይኔ ፊት ሆነ። ባሳሳን በመጀመሪያው ክረምት ሣርና ቁጥቋጦ መጣ። በሁለተኛው ብሳና። በሦስተኛው ትልቁ ሾላ ሥር እንደ ክብ ሆኖ፣ ቅርንጫፉ እስከሚያበቃበት ድረስ፣ የዋንዛ ችግኝ ፈሰሰ። ከሾላው 30 ሜትር ሲርቁ ምንም የለም። የቆየውን ዛፍ አትንኩ ያልኩት ለዚህ ነው። ጠዋት ሾላው ላይ የሚንጫጩት ወፎች ማታ ዋንዛ በልተው የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ስታሳሱ አንድ ዓይነት አታድርጉት። አንድ ሁለት ቦታ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሚሆን ክፍት ተዉ። አንድ ጥግ ደግሞ ሳትነኩ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ሚዳቋና ዲኩላ መሸሸጊያ ይፈልጋሉ። በሄክታር ከ5 እስከ 10 ዛፍ ለጣውላ ሳታስቡ ለሕይወት ብላችሁ ተዉ። ጠማማውን፣ ባለ ጎሬውን፣ ጫፉ የደረቀውን ምረጡ። ጣውላ ስለማይወጣው የምታጡት ጥቂት ነው። ጎሬ ውስጥ የምትፈለፍል ወፍና የጫካ ንብ ግን ሌላ ቤት የላቸውም። የወደቀ ወፍራም ግንድም ሁለት ሦስቱ እዚያው ይበስብስ። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ያዘመመ ደረቅ ዛፍ ካለ ግን ጣሉት።

ያላችሁ ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ

ባሕር ዛፍ እንደ ጥድ አይደለም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከቆረጣ በኋላ በየጉቶው ሁለት ጠንካራ ቀንበጥ አስቀሩና ሌላውን አውጡ። ወደ ሀገር በቀል ማዞር የምትፈልጉበት ረድፍ ላይ ደግሞ ቀንበጡን በየጊዜው ስበሩ፤ ደክሞ ይሞታል። በመሃሉ ዋንዛ ወይም ብሳና ትከሉ። ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓመት አታዙሩት። ከውሃው ጀምራችሁ በየዓመቱ ጥቂት ረድፍ ይበቃል። አጣናው ለችግኙ ወጪ ይከፍላል።

ቀፎ፣ ቡናና አሳማ

የተሳሳ ማሳ ውስጥ ቀፎ ስቀሉ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራዋና ባሕር ዛፍ በተለያየ ጊዜ ያብባሉ። ጣውላው እስኪደርስ 25 ዓመት የሚጠብቅ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚገባ ነገር ያስፈልገዋል። ማር ያንን ክፍተት ይሞላል።

ቡና መትከል የሚያምራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጅማ ላይ ሆኖ የማያምረው ማን አለ? በሰሳና በዋንዛው ቡድን ሥር ያምራል። ግን ማሳውን ሁሉ ቡና አታድርጉት። ቡና በየዓመቱ ይመነጠራል። ሲመነጠር የዛፍ ችግኝ አብሮ ይሄዳል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚተካ ወጣት ዛፍ አይኖርም። ቢያንስ ግማሹን ማሳ ከቡና ነጻ አድርጉት።

ደን ሲነቃ ጦጣና የዱር አሳማም ይመጣሉ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አጭበረብራችኋለሁ። ከማሳው ጋር ተያይዞ በቆሎ አትዝሩ። በመሃል ሰፋ ያለ ክፍት ሣር ወይም እንስሳቱ ብዙ የማይነኩት ተክል ይሁን። ጎረቤትንም ቀድማችሁ አማክሩ። የእናንተ ጉሬዛ የእሱን አዝመራ ቢነካ የሚጣላው ከእናንተ ጋር ነው።

ደብተር ያዙ

አንድ ደብተርና አንድ ሜትር ይበቃል። ማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ካስማ ትከሉ። ከካስማው 4 ሜትር ገመድ ዘርግታችሁ ዙሩ፤ 50 ካሬ ሜትር ክብ ይሆናል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ክቡ ውስጥ ያለውን ሀገር በቀል ችግኝ በዓይነቱ ቁጠሩ። የአምስቱን ድምር በ40 ስታባዙ በሄክታር ስንት እንዳለ ታገኛላችሁ። ቀለም ከተቀቡት ዛፎች የሃያዎቹን ዙሪያም በደረት ከፍታ ለኩ። ዙሪያው መጨመር ሲያቆም የሚቀጥለው ማሳሳት ደርሷል።

ወፍ ለመቁጠር ስማቸውን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። በዓመት አራት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለ20 ደቂቃ አንድ ቦታ ቁጭ በሉ። ስንት የተለያየ ድምፅ ሰማችሁ? ጻፉት። ልጆች በዚህ ሥራ ከእኛ ይበልጣሉ፤ አስከትሏቸው።

ቆረጣና ሽያጭ

ከመቁረጥ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን በግልጽ ያውቃል። ቢሆንም ለመቁረጥና ለማጓጓዝ ወረዳችሁ የሚጠይቀውን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሀገር በቀል ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሀበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ይከለክል ነበር። እስካሁን ብዙ ሰው "ዋንዛ ከተከልኩ አይፈቀድልኝም" ብሎ ይፈራል። መፍትሔው በተከላ ቀን መመዝገብ ነው። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ብዛት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ከ25 ዓመት በኋላ "ይህን የተከልኩት እኔ ነኝ" ለማለት ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ነጋዴ መጥቶ "ማሳውን በጅምላ ልግዛህ" ሲል ሳትለኩ እሺ አትበሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። የግንዱን ዙሪያ መሃሉ ላይ ለኩና ለ3.14 አካፍሉ፤ ውፍረቱ ይወጣል። ውፍረት በውፍረት፣ በ0.785፣ በርዝመት አባዙ፤ ሁሉም በሜትር ይሁን። ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ውፍረቱ 30 ነው፤ 4 ሜትሩ 0.28 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውፍረቱ 40 የሆነው ግን 0.5 ይሆናል። በአሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማሳሳት የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትቁረጡ። ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ክፈሉና በየሦስት ዓመቱ አንዱን ክፍል ቁረጡ። እንስሳቱ ወደ ጎን ይዞራሉ፣ አፈሩ አይታጠብም፣ እናንተም በአንድ ዓመት ዋጋ አትያዙም። በበጋ ቁረጡ። ቆራጮቹ ከመግባታቸው በፊት እንደ አረሙ ጊዜ ቀይ ጨርቁን ይዛችሁ ግቡ። ወጣት ዋንዛዎቹን እሰሩና ዛፉ በየት በኩል እንደሚወድቅ ተነጋገሩ። ግንድ የሚጎተትበትን አንድ መንገድ ምረጡ፤ በየአቅጣጫው መጎተት ችግኝ ይጨርሳል።

ጣውላውን ጥላ ሥር ደርድሩ። በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት በመሃል አስገቡ፤ አየር ይለፍበት። ላዩ ላይ ክብደት ጫኑ። ጫፎቹን ቀለም ቀቡ፤ ካልሆነ ይሰነጠቃሉ። ርጥብ የሸጠ በርካሽ ይሸጣል።

የጥድ ጉቶ አያቆጠቁጥም። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ባዶውን ቦታ ትሞላላችሁ። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ደብተሩን ክፈቱና ቀይ ጨርቆቹን ቁጠሩ። ቁመቱ ከእናንተ የበለጠ ዋንዛ ወይም ጥቁር እንጨት ባለበት በሦስት ሜትር ዙሪያ ምንም አትትከሉ። እኛ በመጀመሪያው ሩብ ማሳ ላይ ለ200 ችግኝ አስበን ነበር። ቆጥረን ስንጨርስ የሚያስፈልገን 120 ብቻ ሆነ። የቀረውን ሾላው ላይ የሚያድሩት ወፎች ተክለውታል።